«መረጃ» ወይስ «ማስረጃ»? በጦርነት ጊዜ ስለተያዘ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስለላ ክሶች የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስለተከሰሰችው የአሻንጉሊት ነጋዴ ስደርስ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የተጠለፉት አምስት ደብዳቤዎች ለፍርድ ቤት በመረጃነት ቀረቡ።» አርታኢዬ «መረጃ» የሚለውን ሰርዞ «ማስረጃ» አለው። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ አርታኢዎ ልክ ነው። የቀረው ዓረፍተ ነገር ግን እሱም ሳያየው ያለፈው ስሕተት አለበት።

«መረጃ» የመጣው ከ«መረዳት» ነው፤ «ማስረጃ» ከ«ማስረዳት»። «ማስወገድ» «ማስወገጃ» እንደሚሆን ሁሉ ደ ወደ ጀ ተለውጧል። በመረጃ ራስ ይረዳል፣ በማስረጃ ሌላው እንዲረዳ ይደረጋል። በጦርነት ጊዜ ደብዳቤ የሚከፍተው መርማሪ የሚሰበስበው መረጃ ነው፦ መርከብ የት አለ፣ ማን ለማን ይጽፋል። ዳኛ ፊት ለመቆም ግን ያ ወረቀት ሌላ መንገድ መሄድ አለበት። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሕግ ሥልጣን ከፈተው? ከዚያ በኋላ በእነማን እጅ አለፈ? ዋናው አለ ወይስ ቅጂው ብቻ? የጻፈው ተከሳሹ መሆኑን በምን እናውቃለን? የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቀኑንና ቦታውን ስለሚናገር ማሸጊያው ፖስታ ከተጣለ ደብዳቤው ግማሽ አፉን ያጣል።

ሥልጣኑን በተመለከተ የአሜሪካው ሕግ ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1941 የወጣው የጦርነት ሥልጣን ሕግ ሳንሱር የፈቀደው በአሜሪካና በውጭ አገር መካከል ለሚደረግ ግንኙነት ነው። የታሸገ የአገር ውስጥ ደብዳቤ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይከፈት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1878 ወስኖ ነበር። ከዚህም በላይ ያው የ1941 ሕግ ትርጉሙን ከሳንሱር ለመደበቅ በምስጢር ቃል መጻፍን ራሱን ወንጀል አደረገው፤ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት፣ እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ወይም ሁለቱም ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለው ደብዳቤ የሌላ ወንጀል ምስክር ብቻ አይደለም፤ ወንጀሉ ራሱ ነው።

አሁን ወደ «ተጠለፉ» እንምጣ። ግሡ በሕግ አማርኛችን እንግዳ አይደለም፤ አሁን የተሻረው የ2001 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የፀረ ሽብር አዋጅ የስልክንም የፖስታንም ግንኙነት «መጥለፍ» ይል ነበር። (ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ደብዳቤዎች «አይደፈሩም» ማለቱ ለእኔ ይበልጥ ያምራል።) ችግሩ «ተጠለፈ» የደብዳቤውን ዕጣ አለመናገሩ ነው። ሳንሱር ከከፈታቸው ብዙዎቹ ተነበው፣ እንደገና ታሽገው ለተቀባዩ ይላኩ ነበር፤ እነዚህን «ተከፍተው ተመረመሩ» ይበሉ፤ በመንግሥት እጅ የሚቀረው ቅጂ ወይም ማስታወሻ ብቻ ነው። ሳይላክ የቀረው «ተያዘ»፤ ዋናው አለ ማለት ነው። ለሕግ አንባቢ ይህ ልዩነት ከጌጥ በላይ ነው። «ሳንሱር ተደረገ» ብቻውን ደግሞ እኛ ዘንድ ጋዜጣን ያስታውሳል፤ «የደብዳቤ ሳንሱር» ብለው ይሙሉት።

የነጋዴዋ የቬልቫሊ ዲኪንሰን ጉዳይ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በየካቲት 1942 ሳንሱር የያዘው ወደ ቦነስ አይረስ፣ አርጀንቲና የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ለጥገና «የአሻንጉሊት ሆስፒታል» ስለገቡ ሦስት አሮጌ የእንግሊዝ አሻንጉሊቶች ያወራል። መርማሪዎቹ አሻንጉሊቶቹን የጦር መርከቦች፣ ሆስፒታሉን የመርከብ መጠገኛ አሉት። ሌሎቹ አራቱ አልተጠለፉም! ተቀባይ ጠፍቶ በላኪነት ስማቸው ወደተጻፈባቸው ሴቶች ተመለሱ፤ እነርሱም «እኛ አልጻፍነውም» ብለው አስረከቡ። በፈቃዱ የሰጠ ሰው ስላለ በእነዚህ ላይ «በምን ሥልጣን ተከፈተ?» የሚለው ጥያቄ አይነሣም። የኤፍ ቢ አይ ላቦራቶሪ ፊርማዎቹ የተጭበረበሩ መሆናቸውን፣ የጽሕፈት መኪኖቹ ቢለያዩም ጸሐፊው አንድ ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ደብዳቤን ከተከሳሽ ጋር የሚያስረው እንዲህ ያለው የባለሙያ ቃል እንጂ የምስጢሩ መፈታት አይደለም። አሻንጉሊት መርከብ ነው ማለት አሁንም መረጃ ነው፤ ጠበቃ «አሻንጉሊት አሻንጉሊት ነው» ብሎ ይከራከርበታል።

«ቀረቡ» የሚለውም ይታረም። ተከሳሿ በሐምሌ 1944 ሳንሱርን በመጣስ የቀረበባትን ክስ አመነች፤ የስለላው ክስ ቀረ፤ በነሐሴ 10 ዓመትና 10,000 ዶላር ተፈረደባት። ያመነ ተከሳሽ ላይ ማስረጃ በክርክር አይሰማም። ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ከአምስቱ ደብዳቤዎች አንዱ በሳንሱር ተይዞ፣ አራቱ ወደ ላኪ ተመልሰው በኤፍ ቢ አይ እጅ ገቡ፤ ተከሳሿ ጥፋቷን ስላመነች ግን በማስረጃነት በችሎት አልተመዘኑም።»