«ጉምሩክ ከፈልኩ» ወይስ «ቀረጥ ከፈልኩ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ዱባይ ነው። ለቤተሰቤ ዕቃ ልኬ ወንድሜ «ጉምሩኩን ከፍዬ አወጣሁት» ብሎ ጻፈልኝ። ጓደኛዬ መልእክቱን አይታ «ጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ የሚከፈለው ቀረጥ ነው» አለችኝ። ማን ነው ልክ? ጉምሩክስ አማርኛ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። ወንድምሽንም ግን ተሳሳተ አልለውም። «መብራት ከፈልኩ»፣ «ውሃ ከፈልኩ» እንላለን አይደል? የከፈልነው ሂሳቡን ነው፣ ሰሚው ይገባዋል። «ጉምሩክ ከፈልኩ»ም እንደዚያው ነው። ለወሬ ይበቃል።

ስንጽፍ ግን ብንለያቸው ደስ ይለኛል። ልዩነታቸውን ጆሮሽም ያውቀዋል። «ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና» እንላለን፣ «ከጉምሩክ ነፃ» ግን ይጎረብጣል። «ዕቃዬ ጉምሩክ ተይዟል» ይባላል፣ «ቀረጥ ተይዟል» የሚል የለም። አንዱ ገንዘቡ ነው፣ ሌላው ቦታው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ጉምሩክ በባሕር በኩል የመጣ ቃል ነው። ጥንቱ ላቲን ነው፣ «ኮሜርኪዩም»፣ ንግድ ማለት። የቢዛንታይን ግሪኮች «ኮመርኪዮን» አሉትና በሸቀጥ ላይ የሚጣለውን ከአሥር አንድ ቀረጥ ጠሩበት። ቱርኮች ከግሪክ ወስደው «ጉምሩክ» አደረጉት፣ ከቱርክ ደግሞ ወደ ዐረብኛ ገባ። ልብ በይ፣ ግሪኮች ዘንድ ቃሉ የገንዘቡ ስም ነበር። ወንድምሽ ሳያውቀው የጥንቱን ፍቺ መልሶታል ማለት ነው።

እኛስ ዘንድ ምን ያገናኘዋል? ቀይ ባሕር ነዋ። ከምጽዋ በስተደቡብ ከነበረችው ከአዱሊስ፣ በአክሱም ዘመን፣ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ በመርከብ ይወጣ ነበር፤ ንግዱ ከቃሉ በብዙ ይቀድማል። ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1557 እ.ኤ.አ. ነው። የሚጠጣው ውሃ እንኳ ከየብስ ይመጣላት የነበረ ትንሽ ደሴት ናት፣ ግን የደጋው ንግድ በሯ እሷ ነበረች። ከጊዜ በኋላ የቀረጡ ነገር ከምጽዋ አጠገብ በየብሱ ዳር ባለችው በአርቂቆ በተቀመጠው፣ ናይብ በሚባለው ባላባት እጅ ወደቀ፤ ናይብ ራሱ ዐረብኛ ነው፣ እንደራሴ እንደማለት።

እስቲ አንድ ሲራራ ነጋዴ አስቢ። በበቅሎ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና ቡና ጭኗል፣ ዝባዱን በከብት ቀንድ ውስጥ አድርጎ አፉን በቆዳ አሽጎታል። በዚያው መንገድ ሰዎችም ለባርነት ይነዱ ነበር፣ እሱን ዘሎ ስለ ንግዱ ማውራት አይቻልም። ነጋዴው በየኬላው እየከፈለ ወርዶ ወርዶ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ደግሞ ሌላ አስከፋይ ይጠብቀዋል፣ ቋንቋውም ሌላ ነው። ደላላ፣ ሱቅ፣ መርከብ የምንላቸው ሁሉ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ቃሉ ከሸቀጡ ጋር ነው የሚጓዘው።

የሚገርመው፣ ለቦታው የራሳችን ስም ነበረን። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ ምዕራፍ 9 ቁጥር 9 ክፈቺ፣ ጌታ ማቴዎስን ሲጠራው «በመቅረጫው ተቀምጦ» ነበር ይላል። መቅረጫ! ቀረጠ፣ ቀረጥ፣ ቀራጭ፣ መቅረጫ፣ እንዴት የተሟላ ቤተሰብ ነው። ግዕዙ ማቴዎስን «መጸብሓዊ» ይለዋል፣ ጸባሕት ግብር ነውና። ጉምሩክ መጥቶ ከዚህ ቤተሰብ መቅረጫን ብቻ ገፋው፣ ቀረጥን ግን አልነካውም። እኔ መቅረጫ በመረሳቱ ከልቤ አዝናለሁ። ይመለስ ብዬ ግን አልከራከርም፣ ጉምሩክ ዛሬ አማርኛ ነው፤ ሕጉም መሥሪያ ቤቱም ሕዝቡም ተቀብሎታል።

«ነፃ» የሚለውንም ቀላል ቃል አድርገሽ አትዪው። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰኔ 1884 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ሲዋዋሉ፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ዕቃ ሁሉ፣ የጦር መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲተላለፍ የሚል ነበር። ስምንት ወር እንደሞላው፣ የካቲት 5 ቀን 1885 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ዝም እያለች ጣልያን ምጽዋን ያዘ፣ የነፃ መተላለፊያው ቃልም ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ደመሰሱ።

አንድ የአጻጻፍ ነገር ልጨምርልሽ፣ በየፌስቡኩ ስለማየው። ቀረጥ የሚሰበስበው ቀራጭ ነው፣ በ«ጭ»። ድንጋይና እንጨት ቀርፆ ሐውልት የሚሠራው ቀራፂ ነው። «ቀረፅ ከፈልኩ» ብሎ የጻፈ አይቻለሁ፣ እሱ ስሕተት ነው።

ለወንድምሽ ደግሞ «ሌላ ጊዜ እንዲህ ብለህ ጻፍ» ብለሽ ላኪለት፦ «ቀረጡን ከፍዬ ዕቃውን ከጉምሩክ አወጣሁት»።