ቻይና ላላችሁ ወገኖች፦ ከጨርቅ ገበያው ውጡና ባቡር ተሳፈሩ

ጓንግዡ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ አዲስ የሚመጣ ወገን እቀበላለሁ፤ ሁላችሁም ያው ናችሁ። ከሆቴል ጨርቅ ገበያ፣ ከጨርቅ ገበያ ካርጎ። ሦስት ዓመት ኖሮ ፎሻንን ያላየ ሰው አውቃለሁ። ከ500 ዓመት በፊት የተለኮሰው የሸክላ ምድጃ ዛሬም የሚነድባት ፎሻን እኮ በሜትሮ የምትደረስ ናት!

1. ወረቀት። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ ያለ እሱ ትኬትም የለም፣ ጣቢያም አትገቡም።

2. ባቡር። 12306 የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑ። ትኬት የሚለቀቀው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። በበዓል ሰሞን ወዲያው ያልቃል። ከሻንጋይ ሱዡ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት፣ ከሱዡ ናንጂንግ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

3. የት እንሂድ? ለሸክላ ጂንግደዠን። ለእኛ ለጨርቅ ነጋዴዎች ግን ሱዡና ናንጂንግ ግዴታ ናቸው።

ሱዡ ላይ ጥልፍ የምትሠራ ሴት አጠገብ ቁጭ በሉ። አንዷን የሐር ክር 16 ቦታ ስትሰነጥቃት ታያላችሁ። መርፌዋ ላይ ያለው ክር ለዓይን አይታይም፤ የሚታየው የእጇ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ናንጂንግ ዩንጂን የሚባል ጥበብ ይሸመናል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 መዝግቦታል። የሸማ ዕቃው ቤት ያክላል። አንዱ ሸማኔ ከላይ ተቀምጦ የድሩን ክሮች እየመረጠ ይስባል፣ ሌላው ታች ሆኖ ማጉን ያስገባል። የወርቅ ክር አለ፣ ከፒኮክ ላባ የተፈተለም አለ። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚያወጣው 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ ቆሜ እንባዬ መጣ። ምክንያት አለኝ።

አጎቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እያሳለፈ ነው ያሳደገኝ። እኔ ምን አደረግሁ? በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የእሱን ጥለት በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለአንድ ፋብሪካ ሰጠሁ። በጥቅል በጥቅል አትሞ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ገብቶ ተቸበቸበ። አጎቴ ገበያ ላይ አይቶት በጣቱ ዳሰሰው። «ይሄ ድርም ማግም የለውም፤ ቀለም ነው» አለኝ። ከየት እንደመጣ አልነገርኩትም። በዓመቱ የሸማ ዕቃውን ነቀለ።

አሁንም በየሳምንቱ ስልካችሁን ይዛችሁ «ይቺን ጥለት የት ላሳትማት?» ትሉኛላችሁ። አትጠይቁኝ! መጀመሪያ ናንጂንግ ሂዱ። ቻይኖቹ በማሽን ዓለምን እያለበሱ የእጁን ሸማኔ እንዴት እንደያዙት፣ ሙዚየም ውስጥ አስቀምጠው ተማሪ እንዴት እንደሚያመጡለት እዩ። ከዚያ ስለ ኅትመት እናወራለን።

ስትሄዱ ነጠላ ያዙ። እኔ ይዤ ነበር። ታች የተቀመጠችው ሸማኔ ሥራዋን አቁማ ጥለቱን ገለበጠችው፣ ጀርባውን በጥፍሯ ዳበሰችው። ከዚያ በስንት ቀን እንደተሠራ ጠየቀችኝ።

አጎቴን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።