ወለም አለኝ እንጂ ማን ጠመዘዘኝ?

ልጆቼ፣

እንግሊዝኛ ሳስተምርና ስተረጉም ጸጉሬ ሸበተ። ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ይህ ቃል በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ጥያቄው ጎደሎ ነው። ለምን እንደሆነ «ትዊስት» (twist) በምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ላሳያችሁ። ሰው ፊት ያሳፈረችኝ እሷ ናትና።

ወጣት ሳለሁ ደብረ ሲና አካባቢ ለአንድ የውጭ ሐኪም አስተርጓሚ ነበርኩ። አንዲት እናት የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርዱ ወድቀው፣ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ መጡ። ሐኪሙ በዚያችው ቃል ጠየቀ። እኔም ከመዝገበ ቃላት እንዳጠናሁት «እማማ፣ እግርዎን ጠመዘዙት ወይ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «እግሬ የታጠበ ነጠላ ነው እንዴ የምጠመዝዘው? ወለም አለኝ እንጂ!» ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ።

እንግሊዝኛው «እግሬን ጠመዘዝኩ» ይላል፤ ጥፋቱን ባለቤቱ ላይ ይጥላል። በእኛ ወለም የሚለው እግሩ ነው። ሰውየው ደረሰበት እንጂ አላደረገውም። መዝገበ ቃላት ይህን አይነግራችሁም። ስልካችሁም።

ያቺው ቃል ንግግር ላይ ስትውል «አጣመመብኝ» ናት። መንገድ ላይ ጠመዝማዛ ናት፤ ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ክንድ ላይ እጅ ጥምዘዛ፤ ይችኛዋን ፖለቲከኞች አስለምደውናል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ደግሞ ዓለምን ያዳረሰ ዳንስ ነበረች። ነገሩ ሁሉ ወገብ ነው፤ እስክስታ ለለመደ ትከሻ ብዙም አይጥምም።

እኔ የምወደው ሥሯን ነው። በእንግሊዝኛ «ሁለት» ከሚለው ቃል ጋር ትዛመዳለች፤ ሁለት ክር አንድ ላይ ከመግመድ። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። መንዝ ብርድ ነው፤ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽታ ትለቀዋለች፤ እሱም እየሾረ ይወርዳል። አንዳንዴ ይበዛበትና ክሩ በራሱ ላይ ይቆላለፋል። «ከረረ» ትልና መልሳ ታላላዋለች። ጎረቤት ሲጣላም «ነገሩ ከረረ» ነው የምትለው፤ በዚያው ቃል። እኔ ባሕር ማዶ የምፈልገው ነገር ምድጃችን አጠገብ ሲሾር ነበር።

ስለዚህ ትርጉም ከመፈለጋችሁ በፊት ተናጋሪው እጅ ላይ ያለውን እዩ። ክር ነው? ክንድ ነው? ወሬ ነው? ከዚያ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

እኚያ እናት ታዲያ እግራቸው ተጠቅልሎ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሩ። «የእኔስ በቅቤ ይታሻል» አሉኝ፤ «ያንተ የአፉ ነው የቸገረ።»