ስኩተርና ጠጠር፦ ጥያቄና መልስ

በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው የአካል ጉዳተኞች ስኩተር ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። ለማታውቁኝ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። እግሮቼ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዙኝም። ባለ አራት ጎማ ስኩተር መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የራሴንም የሰውንም እጠግናለሁ። ስለ ዋጋ የሚጠይቅ ይበዛል ብዬ ነበር፤ የበዛው ግን ስለ ጠጠር ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወደ መንዝ ጓሳ ሊሄድ ነው። አባታችን ባለ ሦስት ጎማ ስኩተር አላቸው። የምናድርበት ግቢ ጠጠር የፈሰሰበት ነው ብለውናል። ያስኬዳቸዋል?

ደውሉና ጠጠሩ የወንዝ ነው ወይስ የተፈጨ ብላችሁ ጠይቁ። የተፈጨ ድንጋይ ጠርዝ ስላለው ሲረገጥ እርስ በርሱ ይያያዛል። የወንዝ ጠጠር ግን ድቡልቡል ስለሆነ እንደ ባቄላ ክምር ከጎማው ሥር ይሸሻል። ቀጥሎ ጥልቀቱን ጠይቁ። ከሥሩ በደንብ የተደመደመ ገረጋንቲ ኖሮ ከላዩ ሁለት ጣት ያህል ጠጠር ቢነሰነስበት ችግር የለውም። ተረከዝ የሚያሰምጥ ከሆነ ግን ባለ ሦስት ጎማ አይሆንም።

ምክንያቱ የፊት ጎማው ነው። ብቻውን ስለሆነና ትንሽ ስለሆነ ጠጠሩ ላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ እየቆፈረ ይገባል። መሪውን ስታዞሩትም ስኩተሩ ሳይዞር ጎማው ብቻ ይዞርና ወደ ጎን ጠጠር ይገፋል። አባታችሁ የግድ የሚያልፉ ከሆነ ዝግ ብለው፣ ሳይቆሙ፣ ቀጥ ብለው ይሂዱ። መዞር ካለባቸው ሰፊ ዙሪያ ይያዙ። ተዳፋት ላይ ወደ ጎን ማቋረጥ አይታሰብም፤ ባለ ሦስት ጎማ የሚገለበጠው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ጠጠር ውስጥ ከተቀረቀርኩ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጣትዎን ስኩተሩን ከሚያስኬደው ማንሻ ያንሱ። ሰው ሲቀረቀር አብዝቶ መጫን ይወዳል፤ እኔም እንዲያው ነበርኩ። አንኮበር አንድ ግቢ ውስጥ አመሻሽ ላይ ገብቼ፣ ኩራት ይዞኝ ማንንም ሳልጠራ አሥር ደቂቃ ያህል ጎማዬን አሽከረከርኩ። የኋላ ጎማዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው የስኩተሩ ሆድ መሬት ነካ። ሞተሩ ስለጋለ መቆጣጠሪያው ራሱን አጠፋ። በመጨረሻ የዘበኛው ልጆች ናቸው ጎትተው ያወጡኝ፤ እየሳቁ።

ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው። በመጡበት መስመር ወደ ኋላ ለመመለስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው ይሞክሩ፤ የገቡበት ዱካ አስቀድሞ ስለተጠቀጠቀ ከፊቱ ይሻላል። እምቢ ካለ ይውረዱ ወይም ያውርዱዎት፣ ክብደቱ ይቀነስ። ከጎማው ፊት ያለውን ጠጠር በእጅ ጠርገው ጣውላ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ ያስገቡ።

አሁን የምናገረውን ግን ልብ በሉ። ከኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ወንበሩ ሥር፣ ሞተሩን ከጎማው የምታላቅቅ እጀታ አለች። እሷን ካላቀቁ ስኩተሩ በቀላሉ ይገፋል። ነገር ግን ማንሻውን ሲለቁ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ፍሬን ሞተሩ ላይ ስለሆነ አብሮ ይለያል። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ሰው ተቀምጦበት እጀታዋ አትነካም። ለመርዳት የሚሯሯጥ ጎረምሳ ይህን አያውቅም፤ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከኋላ ወጣ ብለው የሚታዩት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች እንዳይገለበጥ የሚጠብቁ ናቸው። ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲወረድ ወይም ሲወጣ እነሱ ጠርዙን ይነኩና ዋናዎቹን ጎማዎች ከመሬት ያነሷቸዋል፤ ስኩተሩም ባዶውን ይሽከረከራል። ተናዶ የሚፈታቸው ሰው አጋጥሞኛል። አትፍቷቸው፤ ጠርዙን በጣውላ አለዝቡት።

ጥያቄ፦ ሻጩ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኝ ነበር። በጠጠር ላይ ግን ባትሪው ቶሎ አለቀ። ተታለልኩ?

አልተታለሉም። ሻጩ የነገረዎት ደልዳላ አስፋልት፣ ቀላል ሰውና አዲስ ባትሪ ታስቦ ነው። እኔ ለጠጠር ግማሹን ብቻ ነው የምቆጥረው። በዚያ ላይ የእኛ አገር ብርድ አለ። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከአቅሙ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል።

ባትሪውን ባና አልብሰው ውጭ የሚያሳድሩ አሉ። ባና ሰውን የሚያሞቀው ሰው የራሱ ሙቀት ስላለው ነው፤ የቆመ ባትሪ ግን ሙቀት አያመነጭም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከታች ቆይቶ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ፈትተው ወደ ውስጥ ያስገቡት። የእርሳስ ባትሪን ባዶውን አያሳድሩት፤ እንደገቡ ይሰኩት።

ጥያቄ፦ ባጃጄ እዚህ ከፍታ ላይ ይደክማል። ስኩተሩስ?

ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር አየር ይፈልጋል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተር ለጉልበቱ አየር አያስፈልገውም። በዚህ እንኳ እንበልጣችኋለን።

ጥያቄ፦ እህቴ እንግሊዝ አገር ናት። ካራቫን የሚሉትን በመኪና የሚጎተት ቤት ይዘው በየሥፍራው ያድራሉ፤ ማቆሚያው ሁሉ ጠጠር ነው ትላለች። ስኩተር ልትገዛ ነው፣ ምን ልበላት?

ጠጠሩ የሚፈስሰው ቤቱ በጭቃ እንዳይሰምጥ ነው፤ ለትንሽ ጎማ ታስቦ አይደለም። እዚያ አገር በእግረኛ መንገድ ብቻ የሚሄደው ዓይነት ፍጥነቱ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና መንገድ እንዲሄድ የሚፈቀደው እስከ 12.8 ይደርሳል፤ መመዝገብም አለበት። ለጠጠር ፍጥነት ምንም አይጠቅማትም። የሚጠቅማት ትልልቅ ጎማና ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ታዘንብል። መኪና ውስጥ ተጣጥፎ የሚገባው ትንሹ ያምራል፤ ጠጠር ላይ ግን ሻንጣ ነው። ስለ ቻርጅ አታስብ፤ ማቆሚያው ላይ የሚሰጠው መስመር ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 16 አምፒር ነው፣ የስኩተር ቻርጀር ከዚያ የሚወስደው ከሁለት አምፒር በታች ነው።

ጥያቄ፦ በነፋስ የሚሞላ ጎማ ወይስ ድፍን?

ለጠጠር በነፋስ የሚሞላው። ትንሽ ሲተነፍስ ሰፋ ብሎ ይረግጣል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የምትወርዱ ግን የግራር እሾህ ስላለ ድፍኑን ያዙ፤ ወገባችሁ ይከፍለዋል።

ጥያቄ፦ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ግቢውን በሙሉ ኮረት አልብሼዋለሁ። ሲሚንቶ ማድረግ አቅሜ አይፈቅድም። ምን ይበጀኛል?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ ቢመጣ አይሰለቸኝም። ግቢውን በሙሉ አይንኩት። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አንድ ክፍል፣ ከዚያም እስከ መጸዳጃ ቤትና እስከ ምግብ ቤት የሚያደርስ አንድ መስመር ብቻ ይሥሩ። ስፋቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ አንድ ሜትር ከሃያ ቢሆን ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ ያስሄዳል። ኮረቱን ጠርገው ገረጋንቲውን ውኃ እያጠጡ ይደምድሙና ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠጋግተው ያንጥፉበት። ድንጋይ በሸዋ አይጠፋም። ኮብልስቶን ከሆነ መጋጠሚያውን ይሙሉት፤ ካልሆነ አጥንት ያንቀጠቅጣል።

መታጠፊያው ላይ ሰፋ ያድርጉት። ለተሽከርካሪ ወንበር መዞሪያ 150 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ስኩተር ረጅም ስለሆነ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በሩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለ መወጣጫው 120 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። ብዙ ቤት ያየሁት ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፤ መወጣጫ ሳይሆን ግድግዳ ነው። ሲጨርሱ ባዶ ጋሪ በአንድ እጅዎ እየገፉ ከመኪናው እስከ መጸዳጃ ቤት ይሂዱ። ጋሪው የተንገጫገጨበት ቦታ ሁሉ እኔን ያቆመኛል።

ጥያቄ፦ እናቴን ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ልወስድ ነው። ስኩተሩን ልጫነው ወይስ የሚገፋውን ወንበር?

ሁለቱንም መጫን ካልቻሉ ወንበሩን። በጠጠር ላይ ጀርባቸውን ወደ እርስዎ አዙረው፣ ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድመው ወደ ኋላ ይጎትቱት፤ ትንንሾቹ ጎማዎች እየተከተሉ ይመጣሉ እንጂ አይቆፍሩም። አስቀድመው ይንገሯቸው ግን፤ ወደ ኋላ መሄድ ያስደነግጣል።