ባለ ሦስት ንብርብር ዕቃ ላይ ግራጫው ለምን በአንድ ጎን ይወጣል?

ጠያቂያችን፣ መልሱ ከዝርዝሩ ጋር ስለሚሄድ የጻፋችሁትን ባጭሩ ልድገመው። ዕቃው ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 148 ግራም፣ ጌቱ፣ ማለትም ቅልጡ ወደ ሞልዱ (ወደ ቅርጽ ማውጫው) የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከታች መሀል ላይ። ውጩ ነጭ አዲስ ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ)፣ ውስጡ ግራጫ ሪሳይክል (ዳግም የቀለጠ) ፒፒ ሲሆን የውስጡ ድርሻ 35 በመቶ ነው። ማሽኑ ሁለት ኢንጀክሽን ዩኒት (ፕላስቲኩን አቅልጠው የሚያስገቡ ክፍሎች) አለው፤ ሁለቱም በአንድ ኖዝል (አፍንጫ) ያስገባሉ። ችግሩ ሦስት ነው፦ ግራጫው አፉ ጠርዝ ላይ በአንድ ጎን ብቅ ይላል፤ አልፎ አልፎ ጌቱ ዙሪያ ግራጫ መስመር ይታያል፤ ዕቃው ሲወድቅ ደግሞ ንብርብሩ ይላጣል። ፍጥነት ብንቀንስ ይስተካከላል ወይ ብላችኋል።

ፍጥነት መቀነስ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። የቀለጠ ፕላስቲክ ሞልድ ውስጥ ተንሸራቶ አይሄድም። ግድግዳውን የነካው ወዲያው ይረጋል፤ መሀል ያለው ትኩስ ብቻ ወደ ፊት ይሮጥና ግንባሩ ላይ ሲደርስ እንደ ምንጭ ወደ ሁለቱም ጎን ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቀድሞ የገባው ነጭ የውስጥና የውጭ ገጽ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ የሚገባው ግራጫ ገና ያልረጋውን መሀሉን ይዞ ይከተላል። የነጩን ግንባር ከደረሰበት ግን እሱም ተገልብጦ ይወጣል፤ ጠርዙ ላይ የምታዩት ይህንኑ ነው። ነጩ በዝግታ ሲገባ ግድግዳው ላይ የሚረጋው ይወፍራል፣ መሀል ያለው መንገድ ይጠባል፤ ያው መጠን ግራጫ በጠባብ መንገድ ሲገባ ሩቅ ይደርሳል። በሁለቱ ዩኒቶች መካከል ያለ መዘግየትም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ክፍተት አይኑር፤ ማሽኑ ከፈቀደ ነጩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ግራጫው ይጀምር።

እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ግን ጥሬ ዕቃውን ነው። ፒፒ በቀለጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሪሳይክሉ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይልቅ ቀጭን ሆኖ ይፈሳል፣ ኤምኤፍአዩም (ቅልጡ ምን ያህል ቀሎ እንደሚፈስ የሚያሳየው ቁጥር) ከፍ ይላል። ቀጭኑ ወፍራሙን ሲገፋ እኩል አይገፋውም፤ ጣት ጣት እየሠራ ሰንጥቆት ይገባል። ብዙዎች «ውስጡ ቶሎ ይግባ» ብለው ቀለል ብሎ የሚፈስ ግራጫ ይመርጣሉ፤ መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። የውስጡ ዝልግልግነት (ወፍራምነት) ከውጩ ጋር እኩል ወይም በመጠኑ የበለጠ ይሁን፤ እስከ 2 እጥፍ ድረስ በደህና ይሠራል። በኤምኤፍአይ ሲታሰብ ነጫችሁ 12 ከሆነ ግራጫው ከ6 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይሁን። በ230 ዲግሪና በ2.16 ኪሎ ጫና ለኩ፤ አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይሆንም፣ የሪሳይክል ምርት ከዙር ዙር ስለሚለያይ እያንዳንዱ ዙር ይለካ። ግራጫው 20 ከመጣ ኤምኤፍአዩ ዝቅ ያለ አዲስ ፒፒ ቀላቅላችሁ አውርዱት። የሙቀት ማስተካከያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ነጩን ወደ 240 ከፍ፣ ግራጫውን ወደ 215 ዝቅ። ከ200 በታች ግን አትውረዱ፤ ያልቀለጠ ፍሬ ይገባባችኋል።

አንድ ጎን ብቻ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። ጌቱ መሀል ላይ ከሆነና ግራጫው በአንድ አቅጣጫ ከቀደመ፣ ያ ጎን ይበልጥ ወፍራም ወይም ይበልጥ ትኩስ ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው መጠን ከውፍረቱ ኩብ ጋር ነው የሚሄደው። አንዱ ጎን 2.05፣ ተቃራኒው 1.95 ሚሊ ሜትር ቢሆን በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን በወፍራሙ ጎን የሚያልፈው 16 በመቶ ያህል ይበልጣል። በአንድ ፕላስቲክ ስትሠሩ ይህ ልዩነት ተደብቆ ይኖራል፣ ሆልዲንጉ (ሞልዱ ከሞላ በኋላ የሚቀጥለው ግፊት) ይሸፍነዋል። በሁለት ፕላስቲክ ሲሆን ግራጫው ራሱ ይመሰክራል። ዕቃውን 8 ቦታ ላይ ምልክት አድርጉና በማይክሮሜትር ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ የሞልዱን ወንዴ ክፍል (የዕቃውን ውስጥ የሚቀርጸውን) አቀማመጥ ፈትሹ፤ በግፊት እየጎበጠ ሊሆንም ይችላል። ውፍረቱ እኩል ሆኖ ካገኛችሁት የማቀዝቀዣ ውኃውን ተመልከቱ፤ አንዱ መስመር በደለል ተደፍኖ ያ ጎን ሊሞቅ ይችላል። የሞልዱን ገጽ ሙቀት በዳሳሽ ዙሪያውን ለኩ፤ 5 ዲግሪ ልዩነት ካለ አስተካክሉት።

አሁን ወደ መጠኑ። 35 በመቶ ለ2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ የጣሪያው ጫፍ ነው፤ ከ20 ጀምሩና እየጨመራችሁ ሂዱ። የፒፒ የቀለጠ ጥግግት 0.74 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ አካባቢ ስለሆነ 148 ግራም ዕቃ 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ቅልጥ ይፈልጋል። መነሻው እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ነጭ 150፣ ከዚያ ግራጫ 40፣ በመጨረሻ ነጭ 10። እነዚህ በሁለቱ ዩኒቶች ስክሪን ላይ የምትጽፏቸው የመነሻ ቁጥሮች ናቸው፤ ትክክለኛውን የሚነግራችሁ ሙከራው ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ግራጫው ላይ 2 በመቶ ጥቁር ማስተርባች (ቀለም የታጨቀበት የፕላስቲክ ፍሬ) ጨምሩ፣ መሠረቱ ፒፒ የሆነውን፤ ሌላ መሠረት ካለው ወራጅነቱን ይቀይርና ያሳስታችኋል። ሆልዲንጉን ዝጉ። ከዚያ የመጨረሻውን መጠን እየቆረጣችሁ 70፣ 80፣ 90 እና 100 በመቶ ሙሌት ላይ ዕቃ አውጡ። በእያንዳንዱ ደረጃ 10 ሳይክል እስኪረጋጋ አሳልፉና 5 ዕቃ ያዙ። በመጋዝ ከጌቱ እስከ ጠርዙ በ8ቱ ምልክት ላይ ሰንጥቁት፣ የተቆረጠውን ገጽ በስለታም ቢላ አንድ ጊዜ ላጩት። ጥቁሩ የት እንደ ቆመ ከጠርዙ ለክታችሁ ጻፉ። ሙሉ ዕቃው ላይ በሁሉም ጎን ጥቁሩ ከጠርዙ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቀርቶ መቆም አለበት። ሆልዲንግ ስትመልሱ ደግሞ እንደገና ቁረጡ፤ መሀሉ ገና ትኩስ ስለሆነ ሆልዲንጉ ግራጫውን ጥቂት ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህን ሥራ ማንም አይወደውም፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ግን ሳይቆርጡ ስክሪን ላይ መገመት ጭለማ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው።

ጌቱ ዙሪያ ያለው መስመር ምንጩ ሌላ ነው፤ ከጠርዙ ጋር አትቀላቅሉት። ቀድሞ የገባ ቅልጥ የሚረጋው ጌቱ አጠገብ ስለሆነ፣ እዚያ ግራጫ ከታየ ካለፈው ሾት (ካለፈው ዕቃ ቅልጥ) ኖዝሉ ውስጥ የቀረ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ነጭ ሥራው ጌቱን መዝጋት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ የሚጋሩትን መንገድ ጠርጎ ማጽዳትም አለበት። ሁለቱን ዩኒቶች ከሚቀያይረው ቫልቭ እስከ ጌቱ ያለውን የጋራ መንገድ ይዘት ከሥዕሉ አስሉ። 14 ሴንቲ ሜትር ኩብ ከሆነ 10 አይበቃም፤ 16 ወይም 18 አድርጉና የጨመራችሁትን ያህል ከመጀመሪያው ነጭ ቀንሱ። መስመሩ አልፎ አልፎ ብቻ ከመጣ ደግሞ ቫልቩ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። ግራጫው ዩኒት ላይ የስክሪው (ፕላስቲኩን እያቀለጠ የሚገፋው ብሎን) መመለሻ፣ ማለትም ሰክ ባኩ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፤ ባክ ፕሬዠሩንም (ስክሪው ፕላስቲክ ሲጭን የሚገጥመውን ግፊት) ዝቅ አድርጉ።

መላጡ የማሽን ቅንብር ሳይሆን የጥሬ ዕቃ ነገር ይመስለኛል። ፒፒ ከፒፒ ጋር ትኩስ በትኩስ ሲገናኝ ያለ ማጣበቂያ ይያያዛል። ከተላጠ ግራጫው ውስጥ ባዕድ ነገር አለ፦ ፒኢ (ፖሊኤቲሊን)፣ ፖሊስታይሪን፣ ናይለን፣ የሕትመት ቀለም፣ ወይም እርጥበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጣችሁ እስኪሰበር ወዲያና ወዲህ እጠፉት፣ ከዚያ የተነሳውን ጫፍ በፒንሳ ሳቡ። ነጩ ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ገጽ ትቶ ከተነሣ አልተጣበቀም፤ ሁለቱም ላይ የተቀደደ ጭረት ካስቀረ ተጣብቋል። ፒኢ ብቻ ከሆነ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆን የፒፒና ፒኢ አስማሚ ሬዚን ይረዳል። ፖሊስታይሪን ወይም ናይለን ከገባ ግን አቅራቢውን ቀይሩ፤ በቅንብር የሚድን አይደለም። ግራጫው ታልክ (የማዕድን ዱቄት) ያለው ከሆነም ከነጩ ያነሰ ይኮማተራል፤ ያ ልዩነት መጋጠሚያውን ያጨናንቃል።

ያልጠየቃችሁትን አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዕቃው ምግብ የሚይዝ ከሆነ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነጭ ፒፒ ከሪሳይክሉ የሚወጣን ሽታና ኬሚካል አያግድም፤ ፒፒ ለእነዚህ ነገሮች ደካማ ግድግዳ ነው። ነጭ ስለሸፈነው ብቻ ደኅና ነው ብላችሁ አትሽጡት።

ወደፊት ኢቪኦኤች የተባለውን ኦክስጅን የሚያግድ ፕላስቲክ ለማስገባት ያሰባችሁት ይቻላል፤ ሕጉ ግን ይገለበጣል። ድርሻው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፤ እስከ ጠርዙ ካልደረሰም ጥቅም የለውም። ከፒፒ ጋር ስለማይጣበቅ በማሌይክ አንሃይድራይድ የተሻሻለ ማጣበቂያ ሬዚን ይፈልጋል። ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ይሠራል፤ ማሽኑ ሲቆም ባረል ውስጥ ከተተወ ይጓጉላል፤ ስለዚህ ወዲያው በፒኢ አጽዱት።

የ8ቱን ጎን ውፍረት፣ የሁለቱን ኤምኤፍአይና የጋራውን መንገድ ይዘት እዚሁ ጻፉልን፤ የነጭና የግራጫውን መጠን በእነዚያ ቁጥሮች ላይ እናስተካክለዋለን።