ሁለት ጫፍ ብቻ ላለው ፋይበር ያ ሁሉ ማሽን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ ያለ ኮሌጅ የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። ከኮምቦልቻው ቅርንጫፋችን ጋር በአንድ ጥንድ የኪራይ ፋይበር፣ በ10 ጊጋ ነው የምንገናኘው። ባክአፕ ሲጀምር የቪዲዮ ትምህርቱ ይቆራረጣል። አንድ ሻጭ «በሶፍትዌር የሚታዘዝ የኦፕቲክስ ማሽን ግዙ፤ እንደፈለጋችሁ ታሰፉታላችሁ» አለን። እንግዛ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አትግዙ።

ሻጩ አልዋሸም። በድሮው አሠራር በፋይበሩ ለሚሄድ ለእያንዳንዱ የብርሃን ቀለም እኩል መደብ ይሰጠው ነበር፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 50 ጊጋኸርዝ። ይጥበበው ይስፋው ግድ የለም። አዲሱ ግን በ12.5 ጊጋኸርዝ እየሸነሸነ እንደ ሥራው ያድላል። የብርሃኑን መንገድም ከአንድ መቆጣጠሪያ ያስቀይራል። ይህ የሚያዋጣው ብዙ ከተሞችን በቀለበት ላያያዘ ኦፕሬተር ነው። እናንተ ያላችሁ ሁለት ጫፍ ነው። ብርሃኑ ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ከመውረድ በቀር የት ይዞራል? መሃል መንገድ ሐረጎ ላይ ኤክስካቫተር ኬብሉን ቢበጥሰው ያ ሁሉ ሶፍትዌር ቁጭ ብሎ ያያል።

መጀመሪያ የፖርቱን የስህተት ቆጣሪ እይ። እየጨመረ ከሆነ ጣጣው የፋይበሩ ወይም የሞጁሉ (ጫፉ ላይ የሚሰካው ብርሃን ላኪና ተቀባይ) ነው፤ ጥበት አይደለም። ካልጨመረ ባክአፑን ወደ ሌሊት 8 ሰዓት አዙረው። ስዊቹ ላይም ለቪዲዮው ቅድሚያ ስጥ፤ ለባክአፑ ጣሪያ አብጅለት፣ 4 ጊጋ በለው። አምስት ሳንቲም አያስወጣህም። ብዙዎቹ «ኦፕቲክስ ይቀየርልን» ባዮች እዚህ ላይ ይገላገላሉ።

ይህም ካልበቃ ሁለተኛ ቀለም ጨምር። በሁለቱም ጫፍ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ የሲደብሊውዲኤም መልቲፕሌክሰር (ቀለሞቹን በአንድ ፋይበር የሚያዋህድና የሚለይ ዕቃ) አስገባና ቪዲዮውን በ1530፣ ባክአፑን በ1550 ናኖሜትር ልቀቀው።

ሞጁል ከመግዛትህ በፊት ግን በመንገድ የሚባክነውን ብርሃን አስላ። ኬብሉን 30 ኪሎ ሜትር በለው፤ በየማንሆሉ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ትርፍ ስላለ ከመንገዱ ይረዝማል። በኪሎ ሜትር 0.25 ዲቢ (የብክነቱ መለኪያ) ቢበላ 7.5 ነው። መልቲፕሌክሰሮቹ 4፣ ስፕላይሶቹ (ፋይበሩ የተበየደባቸው መጋጠሚያዎች) 1.5፣ ኮኔክተሮቹ 2። 15 ሞላ። ለክፉ ቀን 3 ጨምርበት፣ 18። የ40 ኪሎ ሜትር ሞጁል እዚህ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የ80ውን ውሰድ። ታዲያ ለሙከራ ብለህ ጠረጴዛ ላይ በአጭር ገመድ ፊት ለፊት እንዳታገናኘው። ብርሃኑን የሚያደክም አቴኑዌተር ከሌለ ተቀባዩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሌላው፣ ቴክኒሻኑ ፋይበሩን በ1310 ናኖሜትር ብርሃን ብቻ ለክቶ «ንጹህ ነው» ቢልህ እሺ አትበል። የታጠፈ ፋይበር በ1310 ጤነኛ ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው በ1550 ነው። እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጄ ሁለት ቀን ሙሉ ስዊች ስነቅል ስተክል ከርሜያለሁ። ለካ ገመዱ የራኩ (የመሣሪያ መደርደሪያው) በር ስር ተቆልምሞ ኖሯል።