ልጅ ሲቀማና ሲዛትበት፦ ከጎንደር ወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም ከጎንደር ከተማ ወላጆች ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን አቅርበናል። የልጆቹን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል የጸሐፊዎቹን ስምና የትምህርት ቤቶቹን ማንነት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ከማጠናከሪያ ትምህርት ሲመለስ፣ ፒያሳ አካባቢ ወደ ታክሲ መያዣው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመሸ በኋላ ሁለት ጎረምሶች አስቁመው ጩቤ በማሳየት ስልኩንና የታክሲ ገንዘቡን ወሰዱበት። አካሉን አልነኩትም። ቤት ገብቶ እያለቀሰ ሲነግረን አባቱ «ወንድ ልጅ ሆነህ ዝም ብለህ ሰጠሃቸው?» ብሎ ተቆጣው፤ እኔም ስልኩ በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ በመሆኑ ተናድጄ ብዙ ተናገርሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝምተኛ ሆኗል፤ ትምህርት ቤት መሄድም አይፈልግም። አባቱ «ልጆቹን አውቃቸዋለሁ» ከሚል ሰው ጋር ሆኖ ሊፈልጋቸው ተነሥቷል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ቂም ያመጣል ይሉናል። ምን ብናደርግ ይሻላል?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ በደኅና ወደ ቤቱ መመለሱን ሰምተን ፈጣሪን አመስግነናል። ከሁሉ በፊት የምንለምንዎ እርስዎና አባቱ አብራችሁ ተቀምጣችሁ «ስልኩን መስጠትህ ትክክል ነበር፤ ለእኛ መንገርህም ትክክል ነበር» ብላችሁ በግልጽ ቃል እንድትነግሩት ነው። ዝምታው የመጣው ከዘረፋው ብቻ አይመስለንም፤ መጠጊያዬ ብሎ በሮጠበት ቤት የጠበቀው ወቀሳ፣ መንገድ ላይ ከደረሰበት ድንጋጤ ያላነሰ ሳይከብደው አይቀርም። እያለቀሰ የነገራችሁ ስለሚያምናችሁ ነው። በመናገሩ ቁጣ ያተረፈ ልጅ ግን ነገ ከዚህ የከፋ ነገር ቢደርስበት እንኳ ይደብቃል፤ ልጆችን እያስፈራሩ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚተማመኑትም በዚሁ መደበቅ ነው።

የአባቱ ንግግር ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በጎንደር ወንድ ልጅ በሠርጉም በበዓሉም ፉከራና ሽለላ እየሰማ ያድጋል፤ በዚህ ልማድ የምንኮራበት ብዙ ነገር አለ። ሆኖም የ13 ዓመት ልጅ ጩቤ ከያዙ ሁለት ጎረምሶች ጋር እንዲታገል የሚጠይቅ ጀግንነት የለም። ቀማኛ የሚፈልገው ዕቃውን ነው፤ ዕቃውን ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል፤ ግብግብ ሲገጥመው ግን እሱም ስለሚደነግጥ የያዘውን መሣሪያ ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ለሦስቱም ልጆችዎ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ዕቃ ሲጠይቃቸው ሳይከራከሩ እንዲሰጡ፣ ከዚያም ሰውና መብራት ወዳለበት ሱቅ ሮጠው እንዲገቡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አባቱ ልጆቹን ለመፈለግ መነሣቱን ግን ዛሬውኑ ያስቁሙት። ሕጉ ራስን መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ በሚፈጸምበት ወይም ሊፈጸም በተቃረበበት ጊዜ፣ ያውም በተመጣጠነ መንገድ ነው፤ ከቀናት በኋላ ሰው አስከትሎ ሄዶ መደብደብ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በዚያ ላይ «አውቃቸዋለሁ» ያለው ሰው ተሳስቶ ቢሆንስ? ያላጠፋ ልጅ ቢመታ ወይም ደም ቢፈስ፣ በስልክ የተጀመረው ነገር በሁለት ቤተሰቦች መካከል ለዓመታት ይዘልቃል። ጎረቤቶችዎ ከፖሊስ ይመጣል ብለው የሚፈሩት ቂም፣ ይበልጥ የሚመጣው በዚህኛው መንገድ ነው።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንድትሄዱ አጥብቀን እንመክራለን። ብዙ ሰው «ስልክ ነው፤ ጠፋ በቃ» ብሎ ይተወዋል፤ ሕጉ ግን ነገሩን ለይቶ ያየዋል። በጥምቀት ዕለት በጥምቀተ ባሕሩ ግርግር መካከል ከኪስ የተወሰደ ስልክ ስርቆት ነው። ኃይል በመጠቀም ወይም በማስፈራራት የተወሰደ ስልክ ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 670 መሠረት ውንብድና ሲሆን፣ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ በመሣሪያ ወይም በቡድን ሲፈጸም ደግሞ ቅጣቱ የሚከብድበት ተከታይ አንቀጽ አለ። በመሆኑም አቤቱታው ላይ «ስልክ ጠፋ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ ይጠንቀቁ፤ ሁለት መሆናቸው፣ ጩቤ ማሳየታቸውና የተናገሩት ቃል በዝርዝር መስፈር አለበት። በቃል የሚቀርብ አቤቱታ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ ተነቦልዎት ነው የሚፈርሙት፤ ሲነበብ በጥሞና ያዳምጡ፤ የጎደለ ካለ ያስጨምሩ፤ የመዝገቡንም ቁጥር ይዘው ይመለሱ።

ከዚያ በፊት ልጁ የሆነውን ሁሉ በራሱ ቃል አንድ ጊዜ ይንገራችሁ። ሳታቋርጡት አዳምጡት፤ «ረጅሙ ልጅ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር አይደል?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ አትጠይቁት፤ የፈራ ልጅ ትልልቅ ሰዎች የሚጠብቁትን መልስ መስጠት ይቀናዋልና። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የለበሱትን፣ እርስ በርስ የተጠራሩበትን ስምና የሄዱበትን አቅጣጫ እርስዎ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አክስት በመጣች ቁጥር፣ ጎረቤት በጠየቀ ቁጥር እንደገና እንዲተርክ አታድርጉት። አባቱ የሚጠረጥረውን ልጅ ይዞ መጥቶ «ይሄ ነው?» ብሎ ፊት ለፊት ማቆምማ ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ ልጁን ዳግመኛ ያስፈራዋል፤ በኋላ ፖሊስ ለሚያደርገው የማስለየት ሥራም ዋጋ ያሳጣዋል።

የስልኩን ነገር በአጭሩ እንጨርሰው። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ሲም ካርዱን ያዘጉ፤ ቴሌብር የተከፈተበት ከሆነም ያንኑ ዕለት ያሳግዱት። የስልኩ ካርቶን ቤት ካለ በላዩ ላይ የታተመው ባለ 15 አኃዝ የመለያ ቁጥር ለፖሊስ ይጠቅማል። የሌሎቹን የቤተሰብ ስልኮች ቁጥር *#06# በመደወል ዛሬ ጽፈው ያስቀምጡ።

ትምህርት ቤት አልሄድም ማለቱን እንደ ስንፍና አይዩት፤ ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ብዙ መቆየቱም ፍርሃቱን ያሰፋዋል። ለተወሰነ ጊዜ አባቱ ወይም ታላቅ ዘመዱ ያድርሰው፤ ማጠናከሪያውም ሳይመሽ ወደሚያልቅበት ሰዓት ይዛወርለት። ለክፍል ኃላፊ መምህሩም ነገሩን በምሥጢር ይንገሩ። በእንቅልፉ የሚባንን፣ ምግብ የሚተው ወይም ያ መንገድ ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነና ይህም ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ጸበሉንና የንስሐ አባቱን ምክር መያዝ ሕክምናውን የሚያስቀር አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ለምሳ መግዣ የምሰጣትን ገንዘብ አንድ የ12 ዓመት ተማሪ «ለቤተሰብሽ ከተናገርሽ ትደበደቢያለሽ» እያለ ሲወስድባት ቆይቷል። የልጁን አባት አውቀዋለሁ፤ በአንድ ማኅበር እንጠጣለን። በሽማግሌ ልጨርሰው ወይስ ልክሰስ?
አባት፣ ከማራኪ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በአንድ ማኅበር የምትጠጡ መሆናችሁ ነገሩን ሊያቀልላችሁም ሊያከብድባችሁም ይችላል፤ ብዙ አባቶች «ከወንድሜ ጋር እንዳልቀያየም» እያሉ የልጃቸውን እንባ ሲያሳልፉ ይታያልና ይህ በእርስዎ ላይ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። በሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይወሰንበትም፤ ፍርድ ቤት የሚያዝለት ለማረም የታሰቡ እርምጃዎችን ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ወላጆቹና ትምህርት ቤቱ ተባብረው የሚያርሙት መንገድ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ ከመቼ ጀምሮ፣ የት ቦታና ምን ተብላ እንደተዛተባት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ቀሪውን ኮፒ አስፈርመው ይያዙ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ርዕሰ መምህር ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ከዚያ የልጁን አባት ብቻውን፣ በተረጋጋ ቃል ያነጋግሩት። እርስዎ ራስዎ ግቢ ገብተው ልጁን አይገሥጹት፤ የወላጆቹን ልብ ያሻክራል፤ ልጅዎንም ለበቀል ያጋልጣታል። ሽማግሌ ቢገባም መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ልጅቱን ጠርቶ «በይ ይቅር በይው፤ ሳሚው» ማለት እርቅ አይባልም። እሷ ሳትገኝ ትልልቆቹ ተነጋግረው፣ የተወሰደው ገንዘብ ተመልሶ፣ ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከእሷ እንዲርቅ መምህራኑ የሚከታተሉበት ነገር መወሰን አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዛቻው ካልቆመ፣ ወይም ስለት ነገር ከታየ፣ ወይም ማንም አካሏን ነክቷት ከሆነ፣ ጉዳዩ ከሽምግልና ወጥቷል፤ ያለ አንዳች ይሉኝታ ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ማስፈራራት ብቻውን በግል አቤቱታ የሚታይ ወንጀል ነው፤ የአቤቱታው ጊዜ 3 ወር በመሆኑ በሽምግልና ቀጠሮ ብዛት እንዳያልፍብዎት።

ጥያቄ፦ የማናውቀው ሰው ልጄን ከትምህርት ቤት በር ላይ «አባትሽ ምን ይሠራል? ስንት ሰዓት ይገባል?» ብሎ ጠየቃት። በሳምንቱ ደግሞ ስልክ ተደውሎ «ልጅህን ከወደድክ ገንዘብ አዘጋጅ» ተባልሁ። ለሰው ብናገር ይብስብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።
ነጋዴ፣ ከጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ይህ ከላይ ካሉት ሁሉ ይለያል፤ በቅርብ ዓመታት በከተማችንና በዙሪያዋ ገንዘብ ለመጠየቅ ሲባል ሰው በማገት የደረሰውን ሐዘን ሁላችንም እናውቃለን። ለማንም አልናገርም ብለው ብቻዎን አይቀመጡ። ይህን ካነበቡበት ሰዓት ጀምሮ ለፖሊስ በአካል ቀርበው ያሳውቁ፤ የተደወለበትን ቁጥር፣ ሰዓትና መልእክት አይሰርዙ፤ ደዋዩን አይሳደቡ፤ ገንዘብ እሰጣለሁም አልሰጥምም ሳይሉ ነገሩን ለመርማሪዎቹ ይተዉ። የልጅቱን ፎቶግራፍና የዛቻውን ወሬ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም አይልቀቁ፤ ያስፈራራው ሰውም ያነበዋልና። ልጅቱን ሳያስደነግጡ፣ ማንም ሰው ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቃት መልስ ሳትሰጥ ወደ መምህሯ እንድትመለስ ያስተምሯት። የምትሄድበት ሰዓትና መንገድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይሁን። ለትምህርት ቤቱም እሷን ሊወስዱ የሚችሉትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ስምና ስልክ በጽሑፍ ይስጡ፤ ከእነዚህ ውጭ «አባቷ ልኮኝ ነው» የሚል ማንም ሰው፣ ዘመድ ነኝ ቢልም እንኳ፣ ወደ እርስዎ ሳይደወል እንዳይሰጠው ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም ይወቅ።